ፊታችሁን ለማደስ ከማሰባችሁ በፊት መስታወቱን ወደ መስኮት አስጠጉ

እናቴ መንጋጋዋን ተከትሎ የሚሄድ የነጠብጣብ ንቅሳት አላት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ይልማና ዴንሳ ውስጥ በጥላሸትና በመርፌ የተነቀሰችው ነው። በወጣትነቷ በተነሣችው አንድ ፎቶግራፍ ላይ ነጠብጣቦቹ በመንጋጋ አጥንቷ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ዛሬ 83 ዓመቷ ነው፤ ነጠብጣቦቹ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ወርደው አንገቷ ላይ ተንጠልጥለዋል። ቀለሙ ከገባበት ቆዳ አልወጣም፤ ቦታውን የለቀቀው ቆዳው ራሱ ነው። ፀጉሯን ስሠራላት ከጆሮዋ ፊት ለፊት ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስስበው፣ ነጠብጣቦቹ ተመልሰው በጥንት ቦታቸው ይቆማሉ። «ተይኝ እስቲ፣ ፊቴን ምን ታደርጊዋለሽ?» ትለኛለች።

የፊት ማንሳት ቀዶ ሕክምና ምን እንደሚሠራ ለጠየቀኝ ሁሉ የማስረዳው በዚህ ነው። ምን እንደማይሠራም እዚያው ይታያል። ቆዳዋን ስስበው ንቅሳቱ ወደ ቦታው ይመለሳል እንጂ የጎደጎደው ጉንጯ አይሞላም፣ የግንባሯ ጥቁረት አይለቅም፣ የወለቁት ጥርሶቿም አይተኩም።

እኔ 61 ዓመቴ ነው። 34 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ያሳለፍኩት በቆዳ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መርፌም ሆነ መድኃኒት አላዝም። ባሕር ዳር ውስጥ ግን በዕድር ስብሰባም፣ በጽዋ ማኅበርም፣ ይቅር ይበለኝና ለቅሶ ቤትም ሳይቀር፣ እኩዮቼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ፊትን በሙሉ የሚያድስ ነገር መጥቷል ይባላል፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። አንድ በአንድ መመለስ ስለሰለቸኝ ይኸው ጻፍኩት።

ፊትን በሙሉ የሚያድስ አንድ ነገር የለም። ፊት የሚያረጀው በአንድ መንገድ አይደለምና። ወዝ ይጠፋል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ቀለሙ ይዥጎረጎራል። ሙላት ይጎድላል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ የዓይን ጉድጓድና የመንጋጋ አጥንትም ራሳቸው ይሟሟሉ። የቀረው ሥጋ ይወርዳል። በዚህ ላይ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የተኮሳተርንበት ጡንቻ መስመሩን ያሰምራል። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒታቸው ለየብቻ ነው። ገንዘብ የሚባክነው ወዝ ያጣ ፊት በቀዶ ሕክምና ሲሳብ፣ የወረደ ፊት ደግሞ በክሬም ሲታሽ ነው።

ፊትን ማንበብ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ታጠቡና ምንም ሳትቀቡ መስታወቱን ወደ መስኮት አስጠጉ። የመታጠቢያ ቤት አምፖል ከላይ ስለሚያበራ ጥላውን ያበዛዋል፤ የሳሎን መብራት ደግሞ ይሸነግላል። መጀመሪያ ፊታችሁን ዘና አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ያኔ የሚታየው መስመር ቆዳው ላይ የተቀረጸ ነው። ከዚያ ሳቁ፣ ቅንድባችሁን አንሡ፣ ተኮሳተሩ። ስትኮሳተሩ መጥቶ ስትተዉት የሚሄደው መስመር የጡንቻ ሥራ ነው።

አሁን አልጋ ላይ በጀርባችሁ ተንጋለሉና የእጅ መስታወት ከፊታችሁ በላይ ያዙ። የወረደው ሥጋ ወደ ጆሮ ይሸሻል፣ የመንጋጋው መስመር ይጠራል። ያ ፊት ቀዶ ሕክምና ሊሰጣችሁ ከሚችለው ጋር ይቀራረባል። ተኝታችሁም የማይጠፋው ነገር ሁሉ፣ ጥቁረቱ፣ ሻካራነቱ፣ ከከንፈር በላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች፣ ቀዶ ሕክምና ቢደረግም አይጠፋም። ይህን ሙከራ ያሳየኋት አንዲት ጎረቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «እንግዲያው ተኝቼ ልኑራ!» አለች።

በሠላሳዎቹ መጨረሻ ወይም በአርባዎቹ መጀመሪያ የተነሣችሁትን ፎቶ አውጥታችሁ አጠገቡ አስቀምጡ። የመታወቂያ ፎቶ ይበቃል፣ እንዲያውም ፊት ለፊት የተነሣ ስለሆነ ይሻላል። ልዩነቱን በወረቀት ጻፉ። የእኔ ዝርዝር እንዲህ ነበር፦ በሁለቱም ጉንጮች ማድያት፣ በግራ በኩል የወለቁ አራት ጥርሶች፣ ሁልጊዜ የተቆጣሁ የሚያስመስሉ በቅንድቦቼ መካከል ያሉ ሁለት መስመሮች፣ በመጨረሻም ትንሽ የላላ የመንጋጋ መስመር። እንቅልፍ ይነሣኝ የነበረው የመጨረሻው ነው። ለሌላ ሰው ዓይን ግን ከሁሉም የመጨረሻው እርሱ ነበር።

ከሁሉ በፊት ፀሐዩ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለንም። ብዙ ሰው ጣና እንደ መስታወት ጨረሩን ሁሉ መልሶ ፊታችን ላይ የሚወረውር ይመስለዋል። ውኃ የሚመልሰው ከአሥር በመቶ በታች ነው። የሐይቁ ጉዳት ጥላ የሌለው መሆኑ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱ አንድ ሰዓት ያህል ከላይ የሚከልላችሁ ቅጠል የለም፤ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ደግሞ መቃጠላችሁ አይታወቃችሁም። ዘጌ ደርሳችሁ ቡናው ጫካ ውስጥ ስትገቡ ነው ጉንጫችሁ መንደድ የሚጀምረው። በክረምት ደመና አለ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ሳሳ ያለ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ጥቁር ቆዳ አያረጅም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ይከላከልልናል፣ ጥቃቅን መጨማደድ ዘግይቶ ይመጣብናል። የፀሐይ ዕዳ በእኛ ላይ የሚታየው በቀለም ነው፤ በማድያት፣ በዓይን ዙሪያ ጥቁረት፣ በጉንጭና በግንባር መዥጎርጎር። የረጅም መንገድ ሾፌሮችን ፊት ከቀኝም ከግራም አስተያይታችሁ ታውቃላችሁ? የግራው ከቀኙ የጠቆረና የሻከረ ብዙ አይቻለሁ። የመኪና የጎን መስኮት መስታወት አቃጣዩን ጨረር ቢያስቀርም ቆዳን የሚያስረጀውን ያሳልፋል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ስትገዙ SPF ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን፣ ሁለቱንም ዓይነት ጨረር የሚከላከል መሆኑንም ተመልከቱ። 30 ቁጥር አቃጣዩን ጨረር 97 በመቶ ገደማ፣ 50 ቁጥር 98 በመቶ ገደማ ያስቀራል፤ ስለዚህ በቁጥሩ ላይ ከመከራከር መጠኑን ማብዛት ይሻላል። በአመልካችና በመሃል ጣታችሁ ርዝመት ሁለት መስመር ጨምቃችሁ ፊትና አንገት ላይ ጨርሱት። ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ማድያት ያለባችሁ ደግሞ የቆዳ ቀለም ያለውን፣ ብረት ኦክሳይድ የተጨመረበትን ፈልጉ፤ ማድያትን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያባብሰዋል፣ ቀለም የሌለው ክሬም ደግሞ ያን አያግድም። እንደ አመድ ነጭ ከሚያደርገው ክሬምም ያድናችኋል።

አውስትራሊያ ውስጥ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ክሬሙን በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ የማርጀት ምልክት በፈለጉ ጊዜ ብቻ ከተቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። የተጠናው በአብዛኛው የነጮች ቆዳ ነው፤ እንዳለ ለእኛ አይገለበጥም። ቢሆንም ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ርካሹ ይኸው ነው። ከእርሱ የሚረክስ ቢኖር ጃንጥላ ነው፤ የባሕር ዳር ሴት በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግታ በመሄዷ የሚቀልዱባትን ወንዶች በሃምሳ ዓመታቸው ባያቸው ደስ ይለኛል። ነጠላ ግን ስስ ነው፣ በእርሱ አትተማመኑ።

ነርስ ሆኜ የሠራሁት ጥፋት

የልጄ ሠርግ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በ47 ዓመቴ፣ ከአንድ መዋቢያ መሸጫ ሱቅ «ፊት ያጠራል» የተባለ ክሬም ገዛሁ። ሻጯ ልጅ የራሷን ጉንጭ እያሳየች ነው የሸጠችልኝ። በሦስት ሳምንት ማድያቴ ፈዘዘ፣ ፊቴ በራ። ሠርጉ ላይ «ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» እየተባልኩ ሰነበትኩ። ሠርጉ አልፎ ክሬሙን ባቆምኩ በአራተኛው ቀን ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፣ አበጠ፣ በብጉር ተሞላ፤ ውኃ ሲነካው እንኳን ያንገበግበኝ ነበር። ለበሽተኛ ሁሉ «የሚቀባውን መጀመሪያ አንብቡ» እያልኩ የምውል ሴት የራሴን ጥቅል ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። በጥቃቅን ፊደል ክሎቤታሶል ይላል። ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛው ነው፤ ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል። ወደ ቀድሞ ፊቴ ለመመለስ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ስለዚህ ጥቅሉን አንብቡ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ካለበት ለፊት ውበት አይሆንም። ሜርኩሪ ካለበት ጣሉት፤ ኩላሊት ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ክትትል ለጥቂት ወራት የሚሰጥ የማድያት መድኃኒት ነው፤ በራስ ፈቃድ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ሰማያዊ የሚመስል፣ ለማስለቀቅ እጅግ የሚያስቸግር ጥቁረት ይተዋል። ምንም ጽሑፍ በሌለው ብልቃጥ ተደባልቆ የሚሸጠውን አለማየት ነው። ስቴሮይድ ለወራት ስትቀቡ ከቆያችሁ ደግሞ እንደ እኔ በአንድ ቀን አታቁሙ፤ ይዛችሁት ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ።

በምትኩ የሚሠራው ትሬቲኖይን የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዘር ነው። በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል። ለአርጂ ፊት ከሚቀቡ ነገሮች ሁሉ ረጅም ማስረጃ ያለው እርሱ ነው፤ ቆዳን አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጋል፣ ቀለምን ያስተካክላል። ከዝቅተኛው፣ ከ0.025 በመቶው ጀምሩ። ማታ ፊታችሁን ታጥባችሁ ሃያ ደቂቃ አድርቁና የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ለፊት በሙሉ አዳርሱ። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ከወር በኋላ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። ዓይን፣ አፍንጫ ሥርና የከንፈር ጥግ አይነካ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ትታገሣላችሁ። ነፍሰ ጡርና ለመውለድ ያሰበች ሴት አትጠቀመው።

ቸኩሎ ማብዛት በእኛ ቆዳ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ የተቆጣበትን ቦታ ሁሉ አጥቁሮ ያስታውሰዋል፤ ብጉርም ይሁን ቃጠሎ ወይም የክሬም መለብለብ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሎሚ ፊት ላይ ማሸትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ የሎሚ ጭማቂ ያረፈበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ይላጣል፣ ከዚያ ለወራት ይጠቁራል። ወይባ የምትሞቁ ወዝ እንደሚሰጣችሁ አልክድም፣ እኔም እሞቃለሁ። ማድያት ካለባችሁ ግን ፊታችሁን ከሙቀቱ አውጡ፤ ሙቀት ያባብሰዋል።

መላጥ፣ መርፌና ብርሃን

ክሬም ስድስት ወር ተሞክሮ ቀለሙና ሻካራነቱ ካልተስተካከለ በሐኪም እጅ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ቀላሉ በግላይኮሊክ ወይም በሳሊሲሊክ አሲድ የላይኛውን ቆዳ ብቻ ማላጥ ነው፤ በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል። ጥልቀት ያለው ማላጥ፣ በተለይ በፌኖል የሚሠራው፣ ለእኛ ቆዳ አይደለም፤ ቀለሙን ለዘለቄታው ሊያጠፋው ይችላል፣ የልብ ምትንም ስለሚያዛባ በመሣሪያ ክትትል እንጂ በውበት ሳሎን የሚሞከር ነገር አይደለም። በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳን ወግቶ ኮላጅን ማነቃቃት ለጠባሳና ለሰፋፊ ቀዳዳዎች ለእኛ ደህና ከሚባሉት ነው፤ መርፌው ንጹሕና ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል ከሆነ።

ሌዘር ላይ ጠንቀቅ በሉ። ቆዳን የሚገፍፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በነጭ ቆዳ ላይ የሚያመጣውን ውጤት በፎቶ አይታችሁ አትጓጉ። ኃይለኛ ብልጭታ የሚረጨው መሣሪያም ጥቁር ቆዳን በቀላሉ ያቃጥላል። «የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለጥቁር ቆዳ ደህና ከሚባሉት አንዱ በ1,064 ናኖሜትር የሚሠራው ነው። ጥያቄውን የማያውቅ ሰው ፊታችሁን አይንካ። አገጭ ሥር ወይም ከጆሮ ኋላ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ጥቂት ሳምንት የሚጠብቅ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው።

ስለ ጥርስ ማንም አይነግራችሁም

የውበት ነገር ሲነሣ ጥርስ አይታሰብም። ጥርስ ሲወልቅ የያዘው አጥንት ሥራ ፈትቶ ይሟሟል፣ ከንፈር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጉንጭ ይጎደጉዳል፣ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል። እናቴ በዚህ በታችኛው የፊት ክፍል ነው ከዕድሜዋ በላይ ያረጀችው። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የጎደሉትን አራት ጥርሶች በሰው ሠራሽ አስተካክዬ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያገኘችኝ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ትክ ብላ አየችኝና «ጡረታ ተስማምቶሻል፣ ወፈር ብለሻል» አለችኝ። አንድ ኪሎ አልጨመርኩም። በመርፌ ጉንጭ ለማስሞላት የምታስቡ ሁሉ መጀመሪያ አፋችሁን ከፍታችሁ ቁጠሩ።

በመርፌ የሚሰጡት ቦቶክስና ፊለር ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻ ያዝላል፤ ለመኮሳተር መስመር፣ ለግንባርና ለዓይን ጥግ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ይሞላል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ይለቃል። ፊለር ደግሞ የጎደለውን ይሞላል። እኔ ቦቶክሱን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ተወግቼ አይቼዋለሁ። የቅንድቤ መካከል ተፈታ፣ ደስ አለኝ፤ በስምንተኛው ቀን ግን የግራ ዓይኔ ቆብ ወረደ። ከአምስት ሳምንት በላይ አንድ ዓይኔን እያንቀላፋሁ ኖርኩ። ይህ የሚታወቅ ጉዳት ነው፣ መድኃኒቱ ወደ ጎረቤት ጡንቻ ሲሰርግ ይመጣል፣ በራሱም ይለቃል። አልደገምኩትም። ጉዳቱን ፈርቼ ሳይሆን በዓመት ሦስት ጊዜ ለሁለት መስመር ብዬ አዲስ አበባ መመላለስ ስለከበደኝ ነው።

ለመወጋት ከወሰናችሁ እንደ ክትባት ነርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ክትባት በበረዶ ሣጥን ተሸክመን ስንዞር የኖርን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ማቀዝቀዣው የት እንዳለ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። ብልቃጡ ፊታችሁ ይከፈት፤ ስሙንና ማብቂያ ቀኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። በቦርሳ ይዞ ቤት ለቤት የሚወጋ ሰው በራችሁ ላይ ይቁም።

ፊለር ከሆነ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራውን ብቻ ተቀበሉ። እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ይቆያል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ችግር ቢመጣ የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት ያለው መሆኑ ነው። ያ መድኃኒት እዚያው ክፍል ውስጥ መኖሩን ሳታዩ አትቀመጡ። ፊለር በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ያሞታል፤ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላል፣ በተለይ አፍንጫ ላይና በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ሲወጋ። ከመርፌው በኋላ ቆዳው ከነጣ፣ እንደ መረብ ከተዥጎረጎረ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም እይታችሁ ከደበዘዘ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ተመለሱ። ከቆዳ ሥር በክር የሚሳበውንም ሰምታችኋል፤ ክሩ ይሟሟል፣ ውጤቱም አይቆይም፣ ገንዘቡን ለሌላ አውሉት እላለሁ።

ዓይንና ቢላዋ

የዓይን ቆብ መውረድ በእኛ አካባቢ ከውበት በፊት የጤና ጉዳይ ነው። አማራ ክልል ትራኮማ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ «ዓይኔ አርጅቶ ከበደኝ» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ዓይን የሚቆረቁር፣ የሚያነባ፣ ብርሃን የሚያስጠላ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ዓይን ሕክምና ነው የሚኬደው። ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ የላይኛው ቆዳ ብቻ ከተንጠለጠለ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ ማውጣት ፊትን ከሚያድሱ ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ትንሹና ውጤቱ ቶሎ የሚታየው ነው። የወረደው ቆቡ ነው ወይስ ቅንድቡ የሚለውን ሐኪሙ ይለይላችሁ፤ የወረደ ቅንድብ ሳይነሣ ቆብ ብቻ ቢቆረጥ ዓይንን ይበልጥ ያጠብበዋል።

ወደ ትልቁ ልመለስ። ታናሽ እህቴ ውጭ አገር ትኖራለች፤ በ54 ዓመቷ ፊቷን አስነሥታ በዓመቱ ለጥምቀት መጣች። ምንም ሳትነግረኝ ገና ከመኪና ስትወርድ «ደህና ተኝተሽ የተነሣሽ ትመስያለሽ» አልኳት። በደንብ የተሠራ እንዲህ ነው፤ ሰው ያረፈ እንጂ የተሳበ አይመስልም። ማታ ፀጉሯን ገልጣ አሳየችኝ። ጠባሳው ከጆሮዋ ፊት ይጀምርና ጉትቻ ማንጠልጠያውን ዞሮ ከኋላ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ እንደ ስስ ጥልፍ። ጆሮዋን ስነካው ያኔም ገና አልተሰማትም።

ዛሬ የሚሠራው ቆዳውን ብቻ እንደ ሸማ ወጥሮ መስፋት አይደለም። ከቆዳና ከስብ በታች ጡንቻን የሸፈነ ሽፋን አለ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን በጽሑፍ ካስተዋወቁት ወዲህ ሐኪሞች የሚስቡትና የሚሰፉት እርሱን ነው፤ ቆዳው ያለ ጭንቀት ከላይ ይተኛል። ውጤቱ አሥር ዓመት ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ እርጅናን ግን አያቆምም። የጎደለ ጉንጭ ካለ ብዙ ጊዜ ከሆድ ስብ ተወስዶ አብሮ ይሞላል፤ ከተሞላውም ከፊሉ ተመልሶ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚበዛው ጉዳት ከቆዳ ሥር ደም መቋጠር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይከሰታል። ደም ግፊት ያለበትን ሰውና ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል። ግፊታችሁ ሳይስተካከል አትሞክሩት። አስፒሪን የምትወስዱ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ለልብ ታዝዞላችሁ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ። ሲጋራም ሆነ ሺሻ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁም፤ የደም ዝውውር ያጣ ቆዳ ከጆሮ ኋላ ይሞታል። ጫትም ግፊት ይጨምራልና አብሮ ይቁም። ጠባሳችሁ የሚያብጥ ዓይነት መሆኑን ክንዳችሁ ላይ ካለው የክትባት ጠባሳና ከጆሮ መብሻችሁ ተመልከቱ። ያበጠና የሚያሳክክ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ለሐኪሙ አሳዩት።

ይህን ለማሠራት ከባሕር ዳር መጓዝ ይጠበቅባችኋል። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስሙ የሚነሣ ቢሆንም ሥራው በተለይ ቃጠሎና የአካል ጉዳት ነው፤ የውበቱ በግል ነው የሚሠራው። ሐኪሙ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ መሆኑን የሚያሳየውን የሙያ ፈቃድ ጠይቁ። ከእኛ የቆዳ ቀለም ጋር የሚመሳሰሉ፣ አንድ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ፎቶ እንዲያሳያችሁም ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚያው ከተማ ውስጥ የሚያድር ቤትና የሚያስታምም ሰው ይኑራችሁ። እህቴ የመጀመሪያውን ሳምንት ተቀምጣ ነው የተኛችው።

ከየት እንደምትጀምሩ የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ ፀሐዩን ዛሬ፣ ጥርሱን በዚህ ወር፣ ለክሬሙ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ያዙ፤ ከተማችን ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ስፔሻሊስት ሆስፒታሎች ናቸው። መርፌና ቢላዋ ከስድስት ወር በኋላ ይታሰባሉ፤ ያኔ መስታወቱ ፊት የጻፋችሁትን ወረቀት ስታወጡ ከፊሉ ተሰርዞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ወደ ቀጠሮው ስትሄዱ ሳትቀቡ፣ ሳትኳሉ ሂዱ። በአንድ ፌስታል ቤት ውስጥ ያለውን የምትቀቡትን ነገር ሁሉ ክቱበት፣ ያለቀውን ብልቃጥም ጭምር። የምትውጡትን መድኃኒት፣ አሮጌውን የመታወቂያ ፎቶና ያንን ወረቀት ጨምሩ። ሐኪሙ ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ሲደረድር ታፍራላችሁ፤ እኔም አፍሬያለሁ። እንደ እኔ የሠርግ ክሬም ያለውን ብልቃጥ ግን አታስቀሩ፤ መጀመሪያ የሚያነሣው እርሱን ነው።